ግድግዳው እስኪለብስ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6
ያው ሙቀት። ጠዋት ሁለት ባጃጅ ጠገንኩ። ልጄ ኢዲል ከትምህርት ቤት እያሳለች ገባች። በራችን ላይ አንድ ገልባጭ መኪና ሞተሩ እየሠራ ቆሟል፣ ሹፌሩ ሻይ ይጠጣል። «አቦ አጥፋው፣ የታመመ ልጅ አለ» አልኩት። አየኝ። አላጠፋም።

ሐኪሙ ያለው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። «አስም ነው። ከአቧራና ከጭስ ካልራቀች...» ባለቤቴ ሳቢሪንማ ቆርጣለች። እህቷ ሂባቅ ጋ፣ ገጠር ቢዮ አዋሌ ትሂድ ትላለች። ገና ሰባት ዓመቷ እኮ ነው። ያለ እሷ እዚህ ቤት ምን አለኝ?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8
ከአንድ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮጀክት ሰዎች መጡ። እፀገነት የምትባል ባለሙያ አስረዳችን። ኪስ ኪስ ያለው ወፍራም ጨርቅ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ በየኪሱ ተክል ይገባል። ቅጠሉ አቧራውን ይይዛል ነው የምትለው። የቤቱ ባለቤት ጋሽ ተሰማ ሳቁ። «ውሃ ለሰው ጠፍቶ ለግድግዳ?»

ማን ያጠጣል ስትል «እኔ» አልኩ። ሐሳቤን እንኳ አልጨረስኩም ነበር። ተከራዩ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ጭሱንስ ያስቀረዋል?» አልኳት።
«ትንሽ ይቀንሳል። መንገዱን ግን አይዘጋም።»
ሐቀኛ ናት። እኔ «ትንሽ» ያለችውን ብቻ ይዤ ገባሁ።

ለሳቢሪን ነገርኳት። ግድግዳው እስኪለብስ ጠብቂኝ አልኳት። «እስከ መቼ?» እስከ ክረምት። ዝም አለች። እሺ ማለቷ ነው መሰለኝ...

እሑድ፣ ሚያዝያ 26
የተከልነው ይዟል። ሁሉም ባይሆን አብዛኛው። ኢዲል ጠዋት ጠዋት አዲስ ቅጠል ትቆጥራለች። በመስኮቷ ዙሪያ ያለውን የኔ ነው ብላለች። ዛሬ አንዱን ቅጠል በጣቷ ጠርጋ አሳየችኝ። ጥቁር።
«አባ፣ ይሄ ሁሉ ሳንባዬ ሊገባ ነበር?»
«ቅጠሉ ያዘልሽ» አልኳት።

በዚህ ሳምንት ሌሊት ያሳለችው ሁለቴ ብቻ ነው። ሳቢሪንም አስተውላለች፣ ግን አትናገርም። እኔም አልጠየቅኳት፣ ፈራሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12
የውሃ ፈረቃችን በሳምንት አንዴ ሆነ። ዛሬ የመጣው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ድሬ በሙሉ ጫቷን ይዛ በርጫ ላይ በተቀመጠችበት ሰዓት። እኔም ጓደኛዬ ሞሐሙድ ቤት ነበርኩ። ምርቃናው ይዞኝ ስለ ግድግዳው አወራለሁ። ከተማውን በሙሉ ቅጠል አለበስኩት፣ ከከዚራ እስከ መልካ ጀብዱ። ስመለስ ውሃው መጥቶ ሄዷል። ሳቢሪን ገበያ ነበረች፣ ቧንቧውን የከፈተ ሰው የለም። የውሃ ሮቶው ባዶ። አይ ሙስአብ... አፍህ ብቻ።

ሰኞ፣ ግንቦት 18
ከየጎረቤቱ ውሃ ስለምን ዋልኩ። ጋሽ ተሰማ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉኝና ግማሽ ጀሪካን ሰጡኝ። ለሥሩ በኩባያ በኩባያ አካፈልኩት። ለቅጠሉ አልተረፈም። ግራጫ ሆኗል። እፀገነት ጋ ደወልኩ። «ካልታጠበ አቧራ መያዙን ይተዋል» አለች። በምን ልጠበው? በምራቄ?

ሐሙስ፣ ግንቦት 28
ነገ አረፋ ነው። ለበዓሉ ምንጣፉን ማራገፍ ነበረብኝ። ኢዲልን እንዳይነካት ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ድረስ ተሸክሜው ሄጄ እዚያ ደበደብኩት። ስመለስ ዱላው እጄ ላይ ነው። ቅጠሉን ሳየው እንዲህ ሆኖ በዓል ይዋል እንዴ አልኩ። መታ መታ አደረግኩት። አቧራው እንደ ዱቄት ወረደ። ከሥሩ አረንጓዴው ብቅ ሲል ደስ ብሎኝ እየደጋገምኩ መታሁት።

ከዚያ ሳሉን ሰማሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ኢዲል እዚያው ቆማ እያየችኝ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 29
ሆስፒታል ነን። ኦክስጅን አድርገውላታል። የኢድ ሶላት አመለጠኝ። ምንጣፉን አሸዋ ድረስ ወስጄ፣ የወር አቧራ ግን አፍንጫዋ ሥር አራገፍኩ። ቅጠል ነዋ... ከቅጠል ማን ይጠነቀቃል? ሳቢሪን አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4
ሄደች። ሂባቅ መጥታ ኢዲልን ወሰደቻት። ሚኒባሱ ሲነሳ «ግድግዳው ሲለብስ እመጣና እወስድሻለሁ» አልኳት። ምን አስባለኝ?

ዓርብ፣ ሰኔ 20
ዝናብ የለም። ውሃ የለም። ገልባጩ አለ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21
ሦስት ቀን ዘነበ። እኔ ወር ሙሉ ለምኜ ያልሆነውን በሦስት ቀን አደረገው። ሐረጉ መስኮቷን አልፎ ጣራው ጋ ደርሷል። መንገደኛው ቆሞ ፎቶ ያነሳል። ጋሽ ተሰማ እንኳ ወንበር አውጥተው ሥሩ ተቀምጠዋል።

ደወልኩላት። «ለበሰ፣ ኢዲል።»
«አባ፣ እዚህ እኮ አላስልም። ሌሊት አልነቃም።»
«አልሐምዱሊላህ።»
«ሮጬም አላስልም።»
«ታዲያ ዓርብ ልምጣ? ልውሰድሽ?»
ድምጿ ቀነሰ። «የግድ ነው?»

የግድ አይደለም አልኳት። እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም።

ሳቢሪን አጠገቤ ሆና ሰምታለች። የኢዲልን ቀሪ ልብስ ማውጣት ጀመረች፣ ነገ ለሂባቅ ልንልክላት። አብሬ አጣጠፍኩ። ዩኒፎርሟ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የዚህ ትምህርት ቤት ነው፣ እዚያ አያገለግላትም።

«እዚህ ጎረቤት ለማርያን ልጅ ስጠው፣ ልኳ ነው» አለችኝ።
እሺ አልኩ።