ወደ ወንዙ መሸሽን ላስተማረን ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የአካባቢያችን የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም ዳገት መውጣት ለማይሆንላት መኪናዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኛም ፈጣሪ ይመስገን፣ ዝናቡ እስኪጀምር ድረስ ደህና ነን።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት በራሴ ልጀምር። ካቻምና በመንደራችን በተካሄደው ከጎርፍ የማምለጥ ልምምድ ላይ ቀይ ባንዲራ ይዞ ሕዝቡን ቁልቁል ወደ ወንዙ ዳር ሜዳ የመራው ሰው እኔ ነኝ። ይህ ምስጢር አይደለም፤ ሁሉም አይቶኛል። ምስጢሩ ስህተት መሆኑን እያወቅሁ መምራቴ ነው። ለማንም ሰው ተናግሬው አላውቅም። በጸሎቴም ቢሆን “በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁትን” ስል፣ ይህችን ቀስ አድርጌ ካለማወቁ ጋር ቀላቅዬ አሳልፋታለሁ።

የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ቁመቴ አብሮት ስላልቆመ ሰው “ምሰሶ” ይለኛል፤ ባንዲራውም የተሰጠኝ ከሩቅ ስለምታይ ነው። የዚያን ቀን የምንሮጠው ወደ ዳገቱ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ከቢሮዎ የመጡት እንግዶች መኪና አልወጣም አለ፣ ድንኳኑንም ነፋስ አስቸገረው፤ ስለዚህ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ለስላሳ መጠጡም ሜዳው ላይ ወረደ፤ እኛም ተከትለን ወረድን። ባለሙያዎ ግራ መጋባቴን አይተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና “አባቴ፣ ለዛሬ ብቻ ነው፤ ዋናው መሮጡ ነው” አሉኝ። ባንዲራዬን ከፍ አደረግሁ። ቤት ስገባ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሸለማችሁኝን ኮፍያ አየት አድርጋ “አንተ ሰውዬ፣ ውሃው በዳገቱ በኩል ይመጣል ብለውህ ነው?” አለችኝ። “ዝም በይ፣ የተማሩት ያውቃሉ” አልኳት። ዝም አለች። ዛሬ ብትናገረኝ በወደድኩ ጊዜ ደግሞ ለዘለዓለም ዝም ብላለች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ትምህርቱ ጥራት። “ለዛሬ ብቻ” የተባለው በእኔ ጆሮ ብቻ ስለነበር ሕዝቡ ትምህርቱን ለሁልጊዜ ያዘው። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሲሞላ፣ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠውን የማስጠንቀቂያ ሳይረን ያስጮህኩት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ቆሜ ስመለከት ሕዝቡ ከየቤቱ ወጥቶ፣ ሕፃኑን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ፣ አንዱ አንዱን ሳይገፋ፣ ልክ እንደተማረው ወደ ውሃው ወረደ። “ወደ ላይ! ወደ ላይ!” ብዬ ብጮህ የራሴው ሳይረን ድምፄን ዋጠው። ሥልጠናው ላይ ያልተገኙት ፍየሎቻችን ብቻ ወደ ዳገቱ ወጡ፤ አንዲትም አልረጠበችም።

ሁለተኛ፤ ስለ ሰሌዳው ጥንካሬ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ አሮጊት እናት አሏት። በልምምዱ ቀን ከአረጋውያን ሁሉ ቀድመው በመድረሳቸው ጃንጥላ ስለተሸለሙ “እማማ ሩጫ” እንላቸዋለን። ሌላው ሰው ውሃውን ሲያይ ደንግጦ ሲመለስ እሳቸው እንደ ልማዳቸው ቀድመው ደርሰው ነበር። ልጃቸውና እኔ በገመድ እስክናወጣቸው ድረስ፣ “የመሰብሰቢያ ቦታ” የሚለውን ሰሌዳችሁን አቅፈው ቆዩ። ውሃው ያመጣው ግንድ እግራቸውን ሰበረው፤ ጃንጥላውንም ጎርፉ ወሰደው። ሰሌዳው ግን ንቅንቅ አላለም። የተከለው ኮንትራክተር ይባረክ።

ሦስተኛ፤ ስለ ግምገማው። ሊጠይቁን የመጡት ሰዎችዎ በስብሰባው ላይ “ማኅበረሰቡ በሥልጠናው መሠረት በአጭር ጊዜ ወደ መሰብሰቢያ ቦታው መድረሱ አበረታች ነው” ሲሉ አጨበጨብን። ስብሰባ ላይ እጃችን ከጭንቅላታችን ይቀድማል። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ይህችንም በበደሌ ላይ ደምሩልኝ።

አራተኛ፤ ስለ መስተንግዶው። የመሰብሰቢያ ቦታው ወደ ዳገቱ ይዛወርልን ብዬ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዋ ወንበር ሰጡኝ፤ ለዚህ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሌላ የተሰጠኝ ነገር የለምና። ያው ትከሻዬን የመቱት ባለሙያ፣ አሁንም እየመቱኝ፣ “አባቴ፣ ዳገቱ ገና አልተጠናም” አሉኝ። ሜዳውስ በሚገባ ተጠንቷል፤ ወንዙ ራሱ ከዳር እስከ ዳር አጥንቶት ሄዷል።

አሁን ክረምቱ ደጃችን ላይ ነው። ሁለተኛው ልምምድ እዚያው ሜዳ ላይ እንደሚካሄድ ተነግሮናል፤ ባንዲራውም ለእኔው ተልኮልኛል። እማማ ሩጫ ወሬው ሲደርሳቸው አልጋቸው ላይ ሆነው “ከዘራዬን አቅርቡልኝ፤ ዘንድሮ እግሬ ስለሚጎተት ቀደም ብዬ ነው የምወርደው” ብለዋል። ልጃቸው ወፍጮ ቤት ድረስ መጥታ፣ እህል ሳትይዝ፣ “ጋሼ፣ ያስተማሯት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎው ያስረሷት” ብላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ ተበላሽቶብኛል። “ባለማወቅ” የሚለው ላይ ስደርስ ምላሴ አልንቀሳቀስም ይላል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ባንዲራውን ይዤ ወደ ታች አልወርድም። ትከሻዬንም ከእንግዲህ ማንም እንዳይመታው በትሕትና አመለክታለሁ።

ዳገት ሳይወጡ ከፍ ያሉትን፣ ሳይረጥቡ ስለ ጎርፍ የሚያስተምሩትን ክቡርነትዎን፣ ካለኝ ቁመት በተቻለኝ መጠን ዝቅ ብዬ እየተሰናበትኩ፣

እስከ ትናንት ድረስ ታዛዥዎ የነበርኩት፣
ምሰሶ፣ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ኪሴ ከከተትኩ በኋላ ወረቀት ብቻውን ንስሐ እንደማይሆን ተሰማኝ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሰሌዳዎን ከሜዳው ነቅዬ ዳገቱ አናት ላይ ተክዬዋለሁ። ወገቤን ስለቆረጠኝ ለኮንትራክተሩ ያልኩትን ምርቃት መልሻለሁ። ክቡርነትዎ ሰሌዳውን ማስመለስ ከፈለጉ መኪና ስለማይደርስ በእግር መውጣት ነው፤ ሲደርሱ ልምምዱን እርስዎም ጨረሱ ማለት ነው። ከዚያም ሳይረኑን አስጮህኩና፣ ሕዝቡ እንደለመደው ቁልቁል ሲመጣ መንገዱ መሐል ባንዲራዬን ዘርግቼ ቆምኩ። ሜዳው ስህተት እንደነበር፣ ያን ጊዜም አውቀው እንደነበር ነገርኳቸው። አናጢው “እና እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቅ ነበር፣ አንተ ምሰሶ?” ብሎ ጮኸብኝ። እየተሳደበም ቢሆን ወደ ላይ ዞረ፤ ሌላውም ዞረ። እማማ ሩጫን እኔው አዘልኳቸው። ጀርባዬ ላይ ሆነው “ፍጠን እንጂ፣ ቀደሙን እኮ!” እያሉ ጎኔን በከዘራቸው እየጎሰሙኝ ወጣን፤ ከሁሉም መጨረሻ ደረስን። እንዲያም ሆኖ ቁጭ እንዳሉ ሽልማቱ የት አለ አሉኝ። ስንመለስ የባለቤቴን ጃንጥላ ሰጠኋቸው።