በሙት ዓመትህ የተነሳው የኳስ ወሬ

ውዴ ግርሜ፣

እንዴት ከረምክ ብዬ እንዳልጠይቅህ ካለህበት መልስ አይመጣም፤ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልህም ሰሞኑን ደህና አይደለሁም። ከተለየኸን ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትህን ያወጣነው ባለፈው ወር ነው። የዚያን ዕለት ያንገሸገሸኝን ነገር ለሌላ ሰው ባወራው ሐሜት ይሆንብኛል፤ ለአንተ ሲነገር ግን የቤት ወሬ ነው፣ ስለዚህ ልንገርህ።

አስቀድሜ የቤቱን። ሰፈራችን ቶር ፒኛታራ እንደተውካት ናት። አሸንሶሬው፣ ሊፍቱ፣ እንደተበላሸ ነው፤ የሕንፃው አስተዳዳሪ በሚቀጥለው ሳምንት ይሠራል እያለ ዓመቱን ጨረሰው። የውሃ ማሞቂያውን ካልዳያ ግን ቀየርነው። ቧንቧው ገና ሲከፈት ሙቅ ውሃ ይወርዳል፣ አንተ እያለህ ቢሆን ኖሮ ስንት ጭቅጭቅ በቀረልን። የምንከባከባቸው ሲኞራ ዘጠና ዓመት አልፏቸውም አሁንም ያዙኛል፣ ያሯሩጡኛል። ያ የሚያነክሰው ባልሽ ለምን ብርቱካን አያመጣልኝም እያሉ ይጠይቁኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ሞተ እላቸው ነበር፤ በሰሙ ቁጥር እንደ አዲስ ሲያለቅሱ ጊዜ፣ አሁን ሥራ ላይ ነው ብዬ አልፋቸዋለሁ። ልጃችን ሊያ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው። ጣልያንኛዋ በረዘመ ቁጥር አማርኛዋ እያጠረ ነው፣ ለእኔ ግን ካንተ የወረሰችው ኩርፊያ ይበቃኛል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የሐበሻው የኳስ ቡድናችን አዲስ ልጅ አግኝቷል። ቢኒያም ይባላል፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሮም የገባው አንተ ካረፍክ በኋላ ስለሆነ አታውቀውም። እዚሁ እኛ ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ተደራርቦ ይኖራል፤ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ባለ ምግብ ቤት ሰሃን ያጥባል፣ ድንች ይልጣል። ኳስ ይጫወታል ስልህ ቦርጫቸውን አስቀድመው እንደሚሮጡት እንደነዚያ እንዳይመስልህ። ኳሷን ይዞ ከመሃል ሜዳ ሲነሳ፣ ኳስ የማልወደው እኔ እንኳ ከተቀመጥኩበት ተነስቻለሁ።

ከዚያ ወዲያ ደጋፊው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ደጁ ላይ ቆመው የሚከራከሩት ስለ እሱ ነው። ገሚሱ ፊት ላይ ብቻውን ይሰለፍ ይላል። ገሚሱ የለም፣ ገና ልጅ ነው፣ በግራ ክንፍ ይሩጥና ይላመድ ይላል። መጀመሪያ ተቀያሪ ሆኖ ይቀመጥ፣ ተከላካዮቹ ሲደክሙ ይለቀቅባቸው የሚሉም አሉ። ስልኬ ላይ የነበረው የደጋፊዎች ግሩፕ ከጠዋት እስከ ማታ ይሄንኑ ነበር የሚያመላልሰው። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር። ብትኖር አንተም ሳህንህን ገፍተህ በሹካና በማንኪያ አሰላለፍ ትሠራ ነበር ብዬ ለብቻዬ ስቄያለሁ።

ደስታዬ የቆየው እስከ ሙት ዓመትህ ዋዜማ ነው። ቤታችን ያን ሁሉ እንግዳ ስለማይችል ከቁምስናው አንድ ሳላ፣ አዳራሽ፣ ለምነን ነበር፤ ድስቶቹን ሊያወርዱልኝ ከመጡት አንዱ ቢኒያም ነበር። ከኋላው ሆኜ ሳየው በጎኑ ዞሮ፣ በትከሻው ግድግዳውን እየታከከ፣ ሁልጊዜ አንዱን እግሩን ብቻ እያስቀደመ ደረጃውን ይወርዳል። ያንን አወራረድ አውቀዋለሁ። ከአንተ ጋር ስንት ዓመት ደረጃ ወርጃለሁ። ድስቱን አስቀምጥ አልኩትና ሱሪውን እንዲሰበስብ አስገደድኩት። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ጠቁሯል። ልምምድ ላይ ዞሮበት ነው። ሆስፒታል፣ ፕሮንቶ ሶኮርሶ ሄዶ ጅማቱ እንደተጎዳ፣ ለብዙ ሳምንታት መሮጥ እንደሌለበት ነግረውታል። እሱም ይህንኑ ለዮናስ ነግሮታል፤ አዎ፣ አንተ ኳስ ያስተማርከው፣ ዛሬ በአንተ ቦታ አሠልጣኝ የሆነው ዮናስ። ዮናስ ያለው እሁድ ከሚላኖ ቡድን ጋር ያለው ጨዋታ ይለፍና ታርፋለህ፣ እስከዚያ ጥብቅ አድርገህ እሰረው ነው።

ልጁ ምግብ ቤቱ ውስጥ ገና ፕሮቫ፣ የሙከራ ጊዜ ላይ ነው። ቆሞ መሥራት እስከቻለ ድረስ ኮንትራት ሊሰጡት ነው፤ ኮንትራቱ ከሌለ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ፔርሜሶው አይታደስም። እግሩ ከተሰበረ አብሮ የሚሰበረው ምን ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። እባክዎ ለማንም እንዳይናገሩ ብሎ ለመነኝ። እንዳንተው ነው፣ ሰው ፊት ማነስ አይወድም።

በማግስቱ ጸሎቱ ደርሶ ምግቡ ከቀረበ በኋላ ጋሽ ኃይሉ የመሃሉን ጠረጴዛ ያዙ። የደጋፊው አለቃ አሁንም እሳቸው ናቸው፣ ባርኔጣቸውም ያው ነው። አንድ ሁለት ብርጭቆ እንደቀመሱ የአንተን ታሪክ ጀመሩ። የተጋባን ሰሞን እግርህ አብጦ በፋሻ አስረው ያስገቡህን ጨዋታ፤ በአንድ እግሩ ተጫውቶ በአንድ እግሩ አገባ አሉ። ሳላው አጨበጨበ። በሙት ዓመትህ ላይ፣ ግርሜ፣ ጭብጨባ። ታሪኩን ሁልጊዜ ጎሏ ላይ ያቆሙታል። አጥንቱ ተሰብሮ እንደተገኘ፣ እግርህ ጀሶ ውስጥ እያለ የግንባታው አለቃ፣ ካፖው፣ በአንተ ቦታ ሌላ ሰው እንደቀጠረ፣ ከዚያ በኋላ ስካፎልዱ ላይ ወጥተህ እንደማታውቅ አንዱም አይተርክም። አበባ ይዘው አንድ ቀን መጡ፤ ያኔም አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የተከራከሩት በአንተ ቦታ ማን ይሰለፍ በሚለው ነበር። ቡና አፍልቼ ሰጠኋቸው። 

ከአንተ ታሪክ ወደ ቢኒያም ለመሻገር ጊዜ አልፈጀባቸውም። ጉርሻው አፋቸው ውስጥ እያለ አንዱ ክንፍ ይላል፣ አንዱ ፊት ይላል። በግ ሊገዛ እንደወጣ ሰው የልጁን ጭን እያሳዩ ጡንቻውን ተመልከት የሚልም ነበር። ዮናስ ቁርጭምጭሚቱን በፍቅር መታ መታ አደረገለት፣ ልጁም ቀለሙ ተለዋወጠ። አንዳቸውም በልተሃል ወይ አላሉትም። እግሩን ትንሽ ነካ አድርጎታል የሚለውን ሁሉም ሰምተዋል፤ ሰምተው ነው። እንግዲያው ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ይግባ ብለው ያንን እንደ ርኅራኄ ቆጠሩት። ሊያ ጆሮዬ ሥር መጥታ ይሄ የአባዬ ሙት ዓመት ነው ወይስ ባር ነው ብላ በጣልያንኛ ጠየቀችኝ። 

ቢኒያም በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ፣ እግሬ ካልተሻለኝ እንጃ አለ። ያን ጊዜ ጋሽ ኃይሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። በግርማ አጥንት ይዤሃለሁ፣ ለእሱ ስትል ትገባለህ አሉት።  አጥንት ተይዞ የተለመነ ሰው እምቢ ቢል ሟቹን እንደናቀ ነው የሚቆጠረው፤ ያውም በሙት ዓመቱ፣ ያውም እንጀራውን እየበላ። ልጁ እሺ አለ። ምን ይበል? እነሱም እንደገና አጨበጨቡ።

ሰው በቁሙ አስጠላኝ፣ ግርሜ። የማውቃቸው ፊቶች ሁሉ፣ ሲታመሙ ሾርባ ያደረስኩላቸው፣ ልጆቻቸውን ክርስትና ያነሳንላቸው ሰዎች፣ አፋቸው በወጥ እንደራሰ አስጠሉኝ። ከሁሉ ያንገፈገፈኝ አንተን መሣሪያ ማድረጋቸው ነው። ወጥ ስጨምር ነበርና ጭልፋውን እንደያዝኩ ወደ መሃሉ ጠረጴዛ ሄድኩ። በክፉ ቀን ሬሳህን የተሸከሙ ሽማግሌ ናቸውና እንዳልደፍራቸው ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«ጋሽ ኃይሉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «እርስዎ ግርማን ለአንድ ቀን ጨዋታ ጠሩት። እግሩን ለሃያ ዓመት ያሸሁት እኔ ነኝ። በዚያው በግርማ አጥንት እኔም ይዤዎታለሁ፤ ይሄ ልጅ እግሩ ሳይድን ሜዳ እንዳያስገቡት።»

 የሚስትን ቃል የሚሽር ዘመድ እዚያ አልነበረም፤ ከእኔ የሚቀርብህ ሰው ሮም ውስጥ ማን አለ? ጋሽ ኃይሉ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ፣ ቫ ቤኔ፣ ይሁን ብለው ተቀመጡ። ከኋላ አንዱ ሴት ስለ ኳስ ምን ታውቃለች አለ። ሌላው ሐዘን ነው የሚያናግራት ብሎ አዘነልኝ። ቢኒያም ቀና ብሎ አላየኝም። ያመሰግነኛል ብዬ ጠብቄ ከነበረ ተሳስቻለሁ፤ በሰው ፊት ያዋረድኩት መስሎት ሳይሰናበተኝ ወጣ። ለካ እሱም መጫወት ይፈልግ ነበር። ጭብጨባው ለሰማው ሰው ይጣፍጣል መሰለኝ።

እሁድ ቡድኑ በሰፊ ጎል ተሸነፈ። ግሩፑ ላይ ስሜን ሳይጠሩ ያልጻፉት የለም። ዮናስ ደረጃው ሥር አግኝቶኝ ሰላም ሳይለኝ አለፈ፣ የቤታችንን ሾርባ ስንት ጊዜ የጠጣ ልጅ። መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ግሩፑን ከስልኬ አጠፋሁት። ቢኒያም በዚያች እሁድ ሰሃን ሲያጥብ ዋለ። ትናንት ኮንትራቱን እንደፈረመ ከጓደኞቹ አንዱ ነገረኝ። እሱ ራሱ እስካሁን አላናገረኝም፣ ይቆየው።

በአንተም ተናድጃለሁ፣ ልደብቅህ አልችልም። በአንድ እግሩ ሲሉህ አብረህ ትስቅ ነበር። እኔ አንድ ነገር ልናገር ስል በዓይንህ ትከለክለኝ ነበር፣ ተይ፣ ደስ ይበላቸው ብለህ። ደስ ያላቸው እነሱ ናቸው። ሰው ስትሸኝ ፈገግ እያልክ በሩን ዘግተህ እዚያው ወለሉ ላይ ትቀመጥ እንደነበር እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ብትከለክለኝም ከእንግዲህ ዝም አልልህም። ታሪክህን ጎሏ ላይ ሲያቆሙት ባለሁበት ቦታ ሁሉ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ፤ ለሊያም፣ ለልጆቿም፣ ለጋሽ ኃይሉም ቢሆን። እነሱ ኳሷን የመታችውን እግር ያስታውሱ። እኔ ጎንበስ ማለት አቅቶህ፣ አፍረህ፣ ፊትህን ወደ መስኮቱ አዙረህ፣ ያቺኑ እግር ጠዋት ጠዋት ጭኔ ላይ ታስቀምጥልኝና ካልሲ አጠልቅልህ የነበረውን እስክሞት አልረሳውም።

ሚስትህ፣
ጥሩዬ