ፍሬኗ ሳይታይ ላለፈች መኪና የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የተሽከርካሪዎች ዓመታዊ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፣
ካሉበት ወንበር ላይ፤

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ ቀለም የደመቀ፣ ውሎዎ እንደ ግቢዎ ጸጥ ያለ፣ የሚሳፈሩበት መኪናም ፍሬኑን ሲረግጡት የሚቆም ይሁንልዎ እያልኩ፣ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ከዓመት በፊት ፊርማዬ አውራ ጣቴ ነበር። ዘንድሮ ግን በማታው ትምህርት ከሠላሳ አንድ ተማሪ ሁለተኛ ወጥቻለሁ፤ አንደኛ የወጡት ሴትዮ ደግሞ ድሮም ማንበብ ይችሉ እንደነበር ስለተደረሰባቸው፣ በእኔ አቆጣጠር አንደኛው እኔ ነኝ። መምህራችን ይህን ወረቀት ሲያዩ «አንተ ሰውዬ፣ ፊደሉን ሳትጨርስ ክስ ጀመርክ?» አሉኝ። ክስ አይደለም፣ ምስጋና ነው፤ ያንብቡትና ይፍረዱ።

ሥራዬ ሶፋ መሥራት ነው። የምኖረው ከመንደራችን ላይኛው ጫፍ ነው፤ እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያላንቀላፋ ሰው ካለ፣ ሶፋው የእኔ አይደለም ማለት ነው። መኪናዬም ከእኔ በፊት አራት ጌታ ያየች፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት አሮጌ ናት፤ ሰፈርተኛው «መንገድ ልቀቁ» የሚል ስም አውጥቶላታል። ይህች መኪና በሳምንት ሦስት ቀን አማቴን ለኩላሊት እጥበት ወደ ሆስፒታል ታወርዳለች። ሆስፒታሉ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። አውቶቡስ እዚያ መንገድ ላይ አይገባም፤ የጎረቤት መኪናም አንድ ሁለቴ ይለመናል እንጂ በሳምንት ሦስቴ ሲሆን የሰው ፊት እሳት ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ መርማሪዎ ጥበብ አመሰግናለሁ። አራት ዓመት ሙሉ መኪናዬን ይዤ ስመጣ፣ መርማሪዎ ከጥላው ሥር ሳይነሡ «መብራት አብራ! ጡሩምባ ንፋ! በቃ፣ ዝጋ!» ይሉኛል። ዘንድሮ ግን ደፍሬ «ጌታዬ፣ ፍሬኑስ?» ብል፣ «ከቤትህ እዚህ ድረስ ነድተህ መጥተህ ቆመሃል አይደለም እንዴ? ታዲያ ይሠራል ማለት ነው!» አሉኝ። እንዲህ ያለ ዕውቀት በማታ ትምህርት አይገኝም። በዚህ ዓይነት ሐኪሞቻችንም በር ላይ ቆመው «በእግርህ መጥተህ የለም? ደህና ነህ፣ ሂድ» ቢሉን ስንት ወረፋ በቀለለልን።

ሁለተኛ፤ በጣቢያዎ ካለፈች በኋላ መኪናዬ ስላሳየችኝ ዓለም አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ፔዳሉ ወለል ድረስ ሰጥሞ አንድ የሕንፃ ሥራ አሸዋ ክምር ውስጥ ተቀበርን፤ አማቴ ከአሸዋው ውስጥ ሆነው «አንተ ልጄ፣ ወደ ሐኪም ነው ወይስ በቀጥታ ወደ ፈጣሪ የምታደርሰኝ?» አሉኝ። የፍሬኑን ዘይት ቀየርኩ። በሁለተኛው ዓመት እንደገና ሰጠመ፤ የዘይቱን ቱቦ ቀየርኩ። በሦስተኛው ዓመት የአራቱንም ጎማ የፍሬን ሸራ ቀየርኩ፤ መኪናዋ ግን ጠባይዋን አልቀየረችም። አሁን የሆስፒታሉ ዘበኛ ስለለመዱን፣ ለአምቡላንስ ተለምነው የሚያነሡትን መዝጊያ ለእኛ ገና ከሩቁ ሲያዩን ያነሡልናል። ይህን ክብር ያገኘሁት በእርስዎ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ እጅ ጽሑፋችሁ። እዚህ ላይ ግን ቀልዱን ትንሽ አቆየዋለሁ።

የምርመራ ወረቀታችሁን በየዓመቱ መስታወቱ ላይ እለጥፈው ነበር። ማንበብ ስለማልችል፣ ከሁሉ የረዘመችው ቃል ምስጋና ትመስለኝ ነበር። አማቴ በፈሩ ቁጥር ያቺን ቃል በጣቴ እየነካሁ «እማማ፣ ይኸው፣ ባለሥልጣን ፈርሞበታል፣ ምንም አይሆኑም» እላቸዋለሁ። እሳቸውም ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ ያምኑኛል። ባለፈው ማክሰኞ ፍሬኑ ለአራተኛ ጊዜ ከድቶን፣ በማርሽና በእጅ ፍሬን እየታገልኩ በሆስፒታሉ በር ገብተን ከአጥሩ ግንብ ጋር ተሳሳምን። አማቴ በሩን ከፍተው ሊወርዱ ሲሉ እንደ ልማዴ ጣቴን ወደ ወረቀቱ ሰደድኩ። ጌታዬ፣ ያን ቀን ጣቴ ማንበብ ችሎ ነበር። አሥራ አንደኛው ተራ «ፍሬን፦ አልተመረመረም» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «አልፏል» ይላል፣ ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለ። ፈጥኜ የቀደሙትን ዓመታት ወረቀት ከመኪናዋ ኪስ ባወጣ፣ ሁሉም ያንኑ ይላሉ። ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፤ ዝም ማለት እችል ነበር፣ ግን አዲስ የተማረ ሰው አፉን አይይዝም። አማቴም «ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ የተሳፈርኩት ጣትህን ነዋ!» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋን አይሳፈሩም። ሐሙስ ዕለት በእግሬ እሄዳለሁ ብለው ወጥተው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበታቸው ከድቷቸው በሰው ትከሻ ተመለሱ፤ ቀጠሮውም አለፈ። ቅዳሜ ዕለት የጎረቤት መኪና ለምነን አደረስናቸው። ሐኪሙ ያበጠ እግራቸውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ካየ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ሌላ ቀጠሮ ካለፈ ለሚመጣው ነገር እኔ የለሁበትም» አለኝ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ነገ ጠዋት ነው።

አራተኛ፤ ስለ አበባዎቹ። መካኒካችን የመኪናን ሕመም ሞተሩን አዳምጦ ስለሚያውቅ «ጆሮው» የምንለው ሰው ነው። እሱ «ወንድሜ፣ ዓይኔ የሚያየውን ሁሉ ቀይሬልሃለሁ፤ የትኛው ጎማ እንደሚከዳን ለይቶ የሚነግረን የጣቢያው መሣሪያ ብቻ ነው፣ ሩብ ሰዓትም አይፈጅ» አለኝ። ዓርብ ዕለት ወደ ጣቢያዎ መጣሁ። መሣሪያውንም አየሁት። ከነላስቲኩ ተቀምጧል፤ በላዩ ስድስት የአበባ ማሰሮ ተደርድሮበታል፣ የሚያጠጣቸው ሠራተኛም ተመድቧል። አበባዎቹ ያማሩ ናቸው፤ በአገሩ ካለው ፍሬን ሁሉ ይልቅ እንክብካቤ አግኝተዋል። ጸሐፊዎን «ላስቲኩን አንሡልኝ» ብላቸው «ያለፈ መኪና ድጋሚ አይመረመርም፣ ደንብ ነው» አሉኝ። «እሺ እንግዲያው ጣሉኝና ድጋሚ ልመርመር» ብል «ለመውደቅም ዓመቱ ይድረስ!» አሉኝ። እኔ በሕይወቴ መውደቅ ወረፋ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ የተከበሩ ሆይ፣ ጥያቄዬ አንዲት ናት፤ ስድስቱን ማሰሮ ለሩብ ሰዓት ወደ ጎን አድርገው መኪናዬን መሣሪያው ላይ ያውጡልኝ። ማሰሮዎቹን እኔው እሸከማለሁ፤ ሶፋ ሦስተኛ ፎቅ የሚያወጣ ጀርባ አለኝ። ከዚያም በወረቀቱ አሥራ አንደኛ ተራ ላይ እውነቱን ይጻፉልኝ። «ወድቃለች» ቢሉኝም እስቃለሁ፤ ቢያንስ ጆሮው የቱን ጎማ እንደሚፈታ ያውቃል፣ አማቴም ጣቴን ሳይሆን የተጻፈውን ያምናሉ።

በአራት ፊርማዎ ጥላ ሥር እስከ ዛሬ በተአምር የተረፍኩ፣ ለዘለዓለም አክባሪዎ፣
ሶፋ ሠሪው፣ የማታ ተማሪ፣ አንደኛ (በእኔ አቆጣጠር)

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ ዘበኛ፣
ለአሸዋው ክምር ባለቤት፣
ለአማቴ (በቃል የሚነበብላቸው)

ማስታወሻ፦ መኪናዋን ዛሬ ጠዋት ጆሮው በገመድ ጎትቶ፣ ከጣቢያዎ በር ትይዩ ካለው ዳገት አናት ላይ አቁሞልኛል፤ አፍንጫዋ ወደ ቢሮዎ መስኮት ነው። ከፊት ጎማዋ ሥር ትልቅ ድንጋይ አለ፤ አማቴም ያበጠ እግራቸውን ዘርግተው ድንጋዩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዘበኛዎ «መኪናዋን ከዚህ አንሡ» ብለዋቸው ነበር። አማቴ ግን ድንጋዩን አንሥቶ መኪናዋን ወደ ግቢው እንዲያወርድ የሚፈቅዱት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ «አልፏል» ብሎ ለፈረመው። ቁልፉ መኪናዋ ውስጥ ነው፣ ይጠብቁዎታል።