እናትህ ከጎናቸው ያስቀመጡኝ ቀን

ባሩኬ፣ የኔ ሸጋ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ኧርቪንግ ከተማ ያለው አፓርትማችን እንዳለ ነው፤ እኔም ኤርፖርት ሻንጣ መጫኔን አልተውኩም። ሳሎኑ ውስጥ ግን ሶፋ አስገባሁ። መደነሻዬን ታጠብብኛለህ እያልክ ስትከለክለኝ ወለል ላይ ስበላ ኖሬ የለ? አሁን እንደ ሰው ተቀምጬ እበላለሁ። ደስ ግን አላለኝም። የምትበታትናቸውን ካሴቶችም ደርድሬያቸዋለሁ፤ እዚያው እንደተደረደሩ ናቸው።

ጎንደር ተወልደህ እስራኤል አድገህ፣ ግጥም የሚመጣልህ በዕብራይስጥ ነበር። እኔ ወጥ ሳማስል አጠገቤ ቆመህ በአማርኛ ትነግረኛለህ፤ ቃል ሲጠፋህ በትከሻህ ትጨርሰዋለህ። ግጥም አይገባኝም እያልኩ አበሽቅህ ነበር እንጂ ያ ትከሻ የማይገባው ማን አለ።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ለቅሶህ ላይ ሩምሜት ነኝ አልኩ። ስምንት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ ፍቅረኛው ነኝ ማለት አቃተኝ። ሰው ሁሉ የአጎትህን ልጅ እያቀፈ እግዜር ያጥናህ ሲለው፣ እኔ ወንበር ሳቀብልና ውኃ ሳድል ዋልኩ። አንድም ሰው ያጥናህ አላለኝም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ለሙት ዓመትህ እናትህ ከእስራኤል መጡ። እኔ ጅሉ፣ ከመምጣታቸው በፊት አልጋ ገዝቼ ትንሿ ክፍል ውስጥ ዘረጋሁና የልጅዎ መኝታ ይህ ነበር አልኳቸው። አንሶላው ላይ ከፋብሪካ ሲመጣ የታጠፈበት መስመር ገና አልጠፋም። እናትህ መስመሩን በእጃቸው ዳበስ አደረጉት፤ እዚያው ተኙ።

በማግስቱ የተዝካሩ እንግዶች መምጣት ሲጀምሩ ወንበር ላቀብል ተነሳሁ። እናትህ እጄን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ለገባው ሁሉ፣ መጀመሪያ እሱን አጽናኑት፣ ልጄን አስታሞ የቀበረው እሱ ነው አሉ። አንዳንዱ አቀፈኝ። አንዳንዱ፣ በተለይ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ እጃቸውን ብቻ ሰጥተውኝ አለፉ። ውኃውን የአጎትህ ልጅ ራሱ አደለ።

ያን ቀን ነው ያለቀስኩልህ፤ ጮክ ብዬ፣ በሰው ፊት፣ እንደ ባለ ሐዘን። ከእንግዲህ ምንህ ነበር ላለኝ፣ የኔ ሰው ነበር፣ እንደወደድኩት ቀበርኩት እላለሁ። መርሳትማ ከየት ይመጣል፣ ባሩኬ። ስምህን ስጠራ ድምፄን ዝቅ አላደርግም።