በአቶ ሰጠኝ ያርጋል ላይ የተነገረው ቃልና የአቶ ታገኘ ሚናስ ሕይወት

አቶ ታገኘ ሚናስ ከአባታቸው ከአቶ ሚናስ ውበቴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘርፈሽዋል አየነው፣ ከደባርቅ ወደ ዳባት ሲወርዱ ከመንገዱ በስተግራ በምትገኘው በኮሶ አምባ መንደር በጥቅምት ወር 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ ድኻ ነበሩ፤ ምርቱ በደረሰ ቁጥር ግማሹ በባለ መሬቱ አህያ ተጭኖ ሲሄድ እያዩ አደጉ። መሬት ለሚያርሰው ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው የሚለው የዘወትር ንግግራቸው የመጣው ከዚያ ነው፤ ከካድሬ የተማሩት አይደለም።

በ1969 ዓ.ም. ወ/ሮ እናናዬ አለሙን በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አግብተው አራት ልጆች አፍርተዋል። በልጅነታቸው የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ፊደል የቆጠሩት በ1972 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን፣ ያስተማሯቸውም የድንበር ጎረቤታቸው አቶ ሰጠኝ ያርጋል ናቸው። አቶ ሰጠኝ ዳባት ስድስተኛ ክፍል የደረሱ ሰው ነበሩና ሁለት በጋ ሙሉ ያለ ደመወዝ አገሩን አስተማሩ። አቶ ታገኘም ጎበዝ ተማሪ ወጣቸው። ማንበብና መጻፍ በመቻላቸው ከ1974 እስከ 1977 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ሆነው አገለገሉ። ይህን የጸሐፊነት ጊዜ አድማጭ ልብ ይበልልን።

አቶ ሰጠኝ ደግሞ ሹመት የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ የሚወዱት ድንጋይ ነው እያለ አገሩ ይቀልድባቸው ነበር። ከገደሉ አፋፍ ያለውን፣ ማንም ያልፈለገውን ጭንጫ፣ ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ደብሪቱ ፀጋው ጋር ድንጋዩን ለቅመው፣ እርከን ክበው፣ አፈር ከወንዝ ዳር በጀርባቸው አመላልሰው በአሥራ አራት ዓመት ድካም ገብስና ነጭ ሽንኩርት የሚያበቅል መሬት አደረጉት።

አቶ ታገኘ በ1984 ዓ.ም. የፓርቲ አባል ሆኑ። የገቡት በቅንነት ነበር፤ መሬት የለሽ ጎረምሳ አይተው ማለፍ አይችሉም ነበር። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽጉ ሲታወጅ የኮሶ አምባ የመሬት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ። በደርግ ጊዜ ሥልጣን ላይ የነበረ ሰው ቢሮክራሲ ይባልና ከአራት ጥማድ በላይ አይኖረውም ተባለ። ሕዝቡ ተሰብስቦ እንዲህ ያለው ሰው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጥቂት ዓይኖች ወደ አቶ ታገኘ ዞሩ። ጸሐፊ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ስምንት ጥማድም ነበራቸው። ያኔ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ቢሮክራሲው ሰጠኝ ነው፣ የደርግን ትምህርት ያስተማረው እሱ ነው፣ መሬቱንም የዘረፈው በዚያ ነው አሉ። ውሸት መሆኑን ያውቁ ነበር። ስብሰባውም ያውቅ ነበር፤ ዛሬ እዚህ ቆመን የምንሰማው ብዙዎቻችን ነበርንበት፤ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። አቶ ሰጠኝ «ታገኘ፣ አንተ ነህ?» ብቻ ብለው ተቀመጡ።

በማግስቱ የመሬት መለኪያው ገመድ ተጎተተ። ከአቶ ሰጠኝ አሥር ጥማድ አራቱ ቀረላቸው፤ የተወሰደው ያው እርከኑ ነው። ዕጣ የደረሳቸው ወጣቶች ማንንም አልበደሉም፤ እንጀራ አገኙ፣ ትዳር ያዙ፣ ይህን መካድ ሌላ ውሸት ይሆናል። የሚያሳፍረው መካፈሉ አይደለም። የሚያሳፍረው በገዛ ጉልበቱ ያፈራን ሰው ዘራፊ ብሎ በእሱ ጀርባ የራስን ስምንት ጥማድ መደበቅ ነው። የአቶ ታገኘ ልጆች ጎንደር ድረስ ሄደው የተማሩት ባልተነካው በዚያ መሬት ነው፤ ስለዚህ እፍረቱ የሳቸው ብቻ አይደለም። የአቶ ሰጠኝ ልጆች ግን የቢሮክራሲ ልጅ እየተባሉ ከትምህርት ቤት ቀሩ።

አቶ ታገኘ በዚያው ዓመት ምስጉን አመራር ተብለው ተሸለሙ። እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስም በኃላፊነት ሠርተዋል፤ የምንጭ ውሃ አስጎልብተዋል፣ የጤና ኬላ አሠርተዋል። አቶ ሰጠኝ በ2003 ዓ.ም. ሲያርፉ ከቀብሩ ሄደው ከሰው ኋላ ቆሙ፤ አፈር ሳያለብሱ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ወደ ወ/ሮ ደብሪቱ ቤት ሄደው ሦስቱንም ጊዜ ከአጥሩ ተመልሰዋል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በጉበት ሕመም ተይዘው ጎንደር እየተመላለሱ ሲታከሙ ቆዩ። መዳን እንደሌለ ሲያውቁ የነፍስ አባታቸውን ቄስ መልከ ጼዴቅን ለይቅርታ ወደ ወ/ሮ ደብሪቱ ላኩ። እሳቸውም፣ በሕዝብ ፊት ያለውን በሕዝብ ፊት ይመልሰው፣ በጓዳ አልቀበልም ብለው መለሱ። ስለዚህ አቶ ታገኘ ይህን ታሪክ ታላቅ ልጃቸውን እስከዳርን ራሳቸው አጻፏት። ለስለስ ብናደርገውስ ብትላቸው «ያኔ ለስለስ አድርጌ ነው የተናገርኩት?» ብለው ተቆጧት። ያጻፉት ቃል ይህ ነው፦ አቶ ሰጠኝ ያርጋል ቢሮክራሲ አልነበሩም። ሠርተው ያገኙ ገበሬ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህሬ ናቸው። የማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ።

አቶ ታገኘ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸው ወ/ሮ እናናዬ፣ ልጆቻቸው እስከዳር፣ ዘመነ፣ እሌኒ እና ቃለ አብ፣ እንዲሁም ዘጠኝ የልጅ ልጆች ከኋላቸው ቀርተዋል። የአብርሃም አምላክ በምሕረቱ እንዲቀበላቸው እንለምናለን።

አስከሬናቸው ከመውረዱ በፊት ግን ወ/ሮ ደብሪቱ እንዲጠየቁ ተናዝዘዋል። እማማ ደብሪቱ፣ እግዚአብሔር ይፍታው ካሉን ሁላችንም ነፍስ ይማር እንላለን። ዝም ቢሉም አንቀየምዎትም፤ ያን ቀን እኛም ዝም ብለናል።