የአባዬ ሻኛና ድመቶቹ

አባዬ፣

ሙት ዓመትህን ካወጣን ወዲህ ሌላ ክረምት አልፏል። እማዬ ደህና ናት። ወንበርህን ለማንም አትለቅም፣ ራሷም አትቀመጥበትም፤ የታጠበ ልብስ ትከምርበታለች። የግቢውን በር አረንጓዴ ቀብተነዋል። ብታየው ትናደድ ነበር።

ጎረቤታችን ሀዋ ዛሬም ከሀርሺን የግመል ሻኛ ስብ ታስመጣለች፤ ለቁርጥማትህ ጠዋት ጠዋት ጉልበትህን የምታሽበትን ማለቴ ነው። ከረባትህን አስረህ፣ ጫማህን ወልውለህ ወደ ቢሮ ስትወጣ የሰፈሩ ድመት ሁሉ የስቡን ሽታ ተከትሎ ከኋላህ ይሰለፍ ነበር። ዳገት በሌለው መንገድ ላይ ቆመህ ስታለከልክ፣ የሚያስሮጡኝ እነዚህ ድመቶች ናቸው ትለን ነበር። እኛም እንስቅ ነበር። ቁርጥማት የጉልበት ነገር ነው ብለን ልብህን ማናችንም አላስመረመርንልህም። አንድ ቀን ቢሮህ በር ላይ ወድቀህ ቀረህ።

መልክህን ለወንድሜ ሰጥተህ ጉልበትህን ለእኔ አወረስከኝ። ባለፈው ዓመት ጣቶቼም ጉልበቴም ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ አሉ። እማዬ የሀዋን ስብ አመጣችልኝ። ድመቶቹም ተመለሱ፤ ቢሮ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። አንድ ጠዋት የቢሮውን ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝ። ድመቶቹን ልቆጣ ዞር አልኩ። አንድም አልነበረም።

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለአንተ ነበር፤ ለራሴም ፈርቼ ነበር። በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ ደሜን አስመረመረች፣ ደረቴን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ ልቤን በአልትራሳውንድ አየች። ሽታ የሌለው ቅባት መኖሩን ያን ቀን አወቅሁ። መገጣጠሚያዬን የሚያሳብጠው በሽታ ልቤ ዙሪያም ውሃ እንዲቋጠር አድርጎ ኖሯል፤ ሳልዘገይ መምጣቴ እንደጠቀመኝ ነገረችኝ። ማን እንደላከኝ ስትጠይቀኝ ድመቶች አልኳት። የአእምሮ ሐኪም ልትጠራልኝ ያሰበች መሰለኝ።

መድኃኒቱን ጀመርኩ፣ ውሃው ጎደለ፣ ደረጃውን ሳልቆም እወጣለሁ። በየቀጠሮው ልቤን ያዩልኛል። ስቡን ግን አልጣልኩትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አረንጓዴው በር ላይ ለድመቶቹ እሰጣቸዋለሁ። ያለ ጥፋታቸው ስንወቅሳቸው ኖረናል። ሲበሉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አንተን አስባለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ይህን አልተውም። እነሱም የፈለጉትን ያህል ይከተሉኝ። አሁን ቢያስሮጡኝም እችላለሁ።

ልጅህ ሶስና