ነዶ ላይ የተሰቀለው ሬዲዮ

ማተቤ፣

ትናንት ኮኪት እርሻ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የሰሊጥ አጫጆቹ ሬዲዮአቸውን ነዶ ላይ ሰቅለው ቀደም ብዬ የቀዳሁትን ስለ ሮቦት የማቀርበውን ፕሮግራም ያዳምጡ ነበር። አቧራው እንደ ወርቅ ተንሳፏል፤ ድምፄ ከነዶው ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። እዚያ ዩኒቨርሲቲው ክፍል ውስጥ ሳስተምር ተማሪዎቼ ስልካቸውን ነው የሚያዩት።

«ሰሊጥ ሲነኩት ይረግፋል፤ የብረት እጅ እንዴት አድርጎ ያጭደዋል?» አለ እንግዳው የሚባል ጎጃሜ። «ይህ ቀጣፊ እስቲ መጥቶ አንዲት ነዶ ይሰር!»

«መጥቻለሁ» አልኩት።

ሬዲዮውንና እኔን እያፈራረቀ አየና ሳቀ። ማጭዱንም አቀበለኝ። ዛሬ አብሬአቸው ሳጭድ ዋልኩ።

የፋኩልቲያችን ዲን «ፕሮፌሰርነት ከፈለግህ ሬዲዮውን ተው» ብሎኝ የለ? አልተውም ብሏል በልልኝ።

ለባለቤትህ ለሀኒ ሰላምታዬን አድርስ። ጽሕፈቴ የተንጋደደው እጄ ውኃ ቋጥሮ ነው።

እንዳልካቸው